ከመኪና ላይ የትኛው ዕቃ ይሰረቃል? ለምንስ?

ለሕዝብ ክፍት በሆነ የትምህርት ክፍሉ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ

 

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ ተራ ይመስላል። አንድ መኪና በሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች አሉት። መንገድ ዳር ካደረ መኪና ላይ የሚጠፉት ግን ጥቂቶችና ሁልጊዜም ተመሳሳይ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለውን ሰው ብትጠይቁት ሳያመነታ ይዘረዝርላችኋል፤ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የፊት መብራት፣ ባትሪ፣ ትርፍ ጎማ። በሩ ወይም ኮፈኑ ተነቅሎ የተወሰደበት ሰው እምብዛም አታገኙም። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ የሚኖር ዘመዳችሁን ብትጠይቁት ደግሞ ከመኪናው ሆድ ሥር ተገዝግዞ ስለሚወሰድ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ስለተባለ ዕቃ ያወራችኋል። ለምን እዚያ ያኛው፣ እዚህ ይኸኛው ሆነ?

በብድር በገዛት ቪትዝ ተሳፋሪ እያመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሹፌር ሁለቱም ስፖኪዮዎቹ በአንድ ሌሊት ቢወሰዱበት፣ በማግስቱ ወይ ሥራ ያቆማል፤ ወይ ኋላውን ሳያይ እየነዳ የራሱንና የሌላውን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ወይም ደግሞ በፍጥነትና በርካሽ የሚሸጥለትን ሰው ይፈልጋል። የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በዚህ በሦስተኛው አማራጭ ላይ ነው። ላስረዳችሁ የምሞክረው ሐሳብ አንድ ሲሆን እርሱም የሚሰረቀውን ዕቃ ዓይነት በመጨረሻ የሚወስነው ገዢው ነው የሚል ነው። ሌባው ትእዛዝ ተቀባይ ነው፤ ምንም እንኳ ትእዛዙን በቃል የሰጠው ሰው ባይኖርም።

1. ስለ ሌባው እንጂ ስለ ዕቃው ያለመጠየቅ ልማድ

እኛ ስርቆትን የምናስበው ከሌባው ጠባይ ተነሥተን ነው። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» እንላለን። በቀድሞው ዘመን ሌባ ሻይ የሚባለው ሥርዓት መድኃኒት የጠጣ ልጅ ቤት ለቤት እየመራ ሌባውን እንዲያጋልጥ የሚያደርግ ነበር። ምሳሌያዊ አነጋገሩም ሥርዓቱም የሚጠይቁት «ማን ሰረቀ?» ብለው ነው። «ከዚህ ሁሉ ንብረት መካከል ለምን ይኸኛው ተሰረቀ?» የሚለው ጥያቄ ግን በሁለቱም ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በዓለም አቀፉ የወንጀል ጥናት ውስጥም ቢሆን ይህ ጥያቄ ተገቢውን ስፍራ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ላውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ወንጀል የሚፈጸመው ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜና በአንድ ስፍራ ሲገናኙ ነው አሉ፤ ለመስረቅ የተነሣሣ ሰው፣ ምቹ ዒላማና የጠባቂ አለመኖር። ሮናልድ ክላርክ ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ለብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ባዘጋጁት ጥናት «ምቹ ዒላማ» ማለት ምን እንደሆነ በዝርዝር ተነተኑ። በብዛት የሚሰረቁ ዕቃዎች ስድስት ጠባዮች እንዳሏቸውም አሳዩ። በቀላሉ ይደበቃሉ፤ ከቦታቸው ይነቀላሉ፤ በየስፍራው ይገኛሉ፤ ዋጋ ያወጣሉ፤ ባለቤታቸውን ያስደስታሉ፤ ሲፈለግ ደግሞ ቶሎ ይሸጣሉ። ክላርክ ለመጨረሻው ጠባይ፣ ማለትም ለመሸጥ ቀላል መሆን፣ ትልቅ ክብደት ሰጥተዋል።

እነዚህን መመዘኛዎች መንገድ ዳር በቆመ መኪና ላይ እንሞክራቸው። ከመኪናው ሁሉ ውዱ ክፍል ሞተሩ ነው። ሆኖም ከባድ ነው፤ ለመፍታት ሰዓታት ይወስዳል፤ ከሁሉም በላይ ቁጥሩ በብረቱ ላይ ተቀርጿል፣ በሊብሬውም ላይ ሰፍሯል። በር ዋጋ አለው፤ ነገር ግን በጃኬት ሥር አይደበቅም፤ ቀለሙም የመጣበትን መኪና ይናገራል። የፊት መስታወት ውድ ነው፤ ሲነቅሉት ይሰበራል። ስፖኪዮ ግን በብብት ይያዛል፤ በካቻቢቴ ወይም በባዶ እጅ በአጭር ጊዜ ይነቀላል፤ ከአንዱ ቪትዝ የወጣው ለተመሳሳይ ሞዴል ቪትዝ ሁሉ ይገጥማል። ባትሪም እንዲሁ ነው፤ ከዚህም ሌላ ሁለት ገበያ አለው፤ የሚሠራ ከሆነ ለመኪና፣ የሞተ ከሆነ ለእርሳሱ ይሸጣል።

ከዚህ አንድ የሚያስገርም የሚመስል ውጤት ይከተላል። ሌባው የሚያዘወትረው የባለጸጋውን ብርቅዬ መኪና አይደለም። የብርቅዬው መኪና ዕቃ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ገዢው ጥቂት ነው፤ ገዢ ሲፈለግ ቀናት ያልፋሉ፤ ወሬም ይሰማል። ብዙ ሰው የሚነዳው ኮሮላ ወይም ቪትዝ ግን ዕቃው በዚያው ቀን ይሸጣል። ስለሆነም የጉዳቱ ሸክም በአብዛኛው የሚያርፈው መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ባለው ባለመኪና ላይ ነው።

2. ካታሊቲክ ኮንቨርተር፤ ዋጋው ሲነሣና ሲወድቅ

ገዢው ይወስናል ያልሁትን ሐሳብ ለመፈተን የአሜሪካን ተሞክሮ የመሰለ ጥሩ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከሞተሩ በሚወጣው የጭስ ቱቦ ላይ፣ ከማርሚታው በፊት የሚገጠም ዕቃ ነው። በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ አለ። በሸክላው ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ብረቶች በስሱ ተቀብተዋል፤ መጠናቸው ጥቂት ግራም ቢሆን ነው። ሥራቸውም ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ጉዳታቸው ወደሚያንስ ጋዞችና ወደ ውኃ መለወጥ ነው። በአሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ በስፋት ተገጥሟል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ዕቃ ከ40 ዓመት በላይ በመኪኖች ሆድ ሥር ነበረ። መጋዙም ነበረ፤ ሌባውም ነበረ። አልፎ አልፎ ይሰረቅ እንደነበርም ይታወቃል። ሆኖም የአገሪቱ ብሔራዊ የኢንሹራንስ ወንጀል ቢሮ ከካሳ ጥያቄዎች ባሰባሰበው መረጃ መሠረት በ2018 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ስርቆት 1,298 ብቻ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. 14,433 ደረሰ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ52,000 በላይ ሆነ። በ3 ዓመት ውስጥ 40 እጥፍ ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት የተለወጠው የብረቱ ዋጋ ነው። አንድ አውንስ ሮዲየም (31 ግራም ገደማ) በ2016 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ከ25,000 ዶላር በላይ አወጣ። የጭስ ብክለት ደንቦች በየአገሩ ስለጠበቁ ፍላጎቱ ጨመረ፤ አቅርቦቱ ደግሞ በአብዛኛው በደቡብ አፍሪካና በሩሲያ ማዕድን ማውጫዎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በቶሎ ሊያድግ አልቻለም። በሌላ አነጋገር አየሩን ለማጽዳት የወጣው ደንብ መጋዝ የያዘውን ሰው ከመኪናው ሥር አስገባው።

«የኮሮና ወረርሽኝ ያስከተለው ችግርና ሥራ አጥነትስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እገምታለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ድርሻም ይኖረዋል። ነገር ግን ችግር ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ሌላውም ስርቆት በዚያው መጠን በጨመረ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቤት ሰብሮ የመስረቅ ወንጀል ቀንሷል። እርግጥ ሰዎች ከቤታቸው አለመውጣታቸው ለዚህ አስተዋጽኦ አድርጓል። ቢሆንም አንድ ዕቃ ብቻ ተለይቶ 40 እጥፍ መሰረቁን ችግር አያብራራውም። ከዚያም በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. የብረቶቹ ዋጋ እጅግ ወረደ፤ ሮዲየም ከ5,000 ዶላር በታች፣ ፓላዲየም ወደ 1,000 ዶላር ገደማ ሆነ። የስርቆቱም ቁጥር አብሮ ወረደ። ድሃው አልበለጸገም፤ ሌባውም ንስሐ አልገባም፤ የወረደው ዋጋው ነበር።

የመኪናው ምርጫም ከዚሁ ስሌት ውጪ አይደለም። በኤሌክትሪክም በነዳጅም የሚሠራው ቶዮታ ፕሪየስ ዋና ዒላማ ሆነ፤ ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ስለሚያርፍ በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ብረት ብዙም አያረጅምና። ከመሬት ከፍ ያሉ ፒክአፖችም ተፈላጊ ሆኑ፤ ክሪክ ሳያስፈልግ ከሥራቸው መግባት ይቻላልና።

የተሰረቀው ኮንቨርተር የሚጓዘውን መንገድም እንመልከት። ገዝግዞ ያወጣው ሰው ከቁራጭ ብረት ገዢው የሚያገኘው ከ50 እስከ 250 ዶላር ገደማ ነው። ባለመኪናው ለመተካት ከ1,000 ዶላር በላይ ይከፍላል። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጨረሻው ማቅለጫ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2022 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር በበርካታ ክፍላተ ሀገር ተዘርግቶ በነበረ ሰንሰለት የተጠረጠሩ 21 ሰዎችን መክሰሱን ሲያስታውቅ፣ እንዲወረስ የጠየቀው ሀብት ወደ 545 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ሌሊት መጋዝ ይዞ ከሚዞረው ወጣት ኪስ ውስጥ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

3. ስፖኪዮ፤ ወደ መሰሉ መኪና የሚመለስ ዕቃ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባው ስፖኪዮ እንደ ኮንቨርተሩ አይቀልጥም። ዋጋው የሚመነጨው ከተሠራበት ፕላስቲክና መስታወት ሳይሆን፣ ያው ዕቃ ለጎደለው ሌላ መኪና ከመሆኑ ነው። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው በአገር ውስጥ ያለው የመለዋወጫ እጥረት ነው።

እጥረቱ ደግሞ የሚታወቁ ምክንያቶች አሉት። መለዋወጫ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪ ደግሞ ለረጅም ዓመታት በወረፋ የሚገኝ ነገር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሌላ በኩል አዲስ መኪና ለብዙው ሰው የማይደረስበት በመሆኑ 20ና 30 ዓመት ያገለገሉ መኪኖች አሁንም በየመንገዱ ይሠራሉ። ያረጀ መኪና መለዋወጫ ይወዳል። አዲሱ ዕቃ በውድ ሲሸጥ ወይም ከነጭራሹ ሲጠፋ ያገለገለው ዕቃ ይፈለጋል።

መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሹፌር አለ ለማለት ይከብዳል። ይህን ስፍራና መሰሎቹን በጅምላ መኮነን ተገቢ አይመስለኝም። በአደጋ ከተጎዱና ከአገልግሎት ውጪ ከሆኑ መኪኖች የተፈታታ ዕቃ እዚያ ባይሸጥ ኖሮ ብዙ መኪና በቆመ፣ ብዙ ቤተሰብም በተራበ ነበር። ችግሩ ያለው የተፈታው ዕቃና የተሰረቀው ዕቃ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምንም ልዩነት የማይታይባቸው መሆኑ ላይ ነው። ደረሰኝ የለም፤ መለያ ቁጥር የለም፤ «ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅም የለም።

የስፖኪዮ ገበያ ከኮንቨርተሩ በአንድ ዐቢይ ነጥብ ይለያል፤ ይህን ነጥብ በተለይ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ከአንድ ቪትዝ ላይ ስፖኪዮ ሲሰረቅ በዚያው ቅጽበት አንድ የቪትዝ ስፖኪዮ ፈላጊ ይፈጠራል። የተሰረቀበት ሰው በማግስቱ ገበያ ይወጣል፤ የሚፈልገውም ትናንት ከእርሱ የተወሰደውን ዓይነት ነው። ስርቆቱ የራሱን ገዢ ይወልዳል ማለት ነው። «የራሱን ስፖኪዮ መልሶ ገዛ» የሚለው የሹፌሮች ቀልድ ከቀልድነቱ ባሻገር የገበያውን አሠራር በትክክል ይገልጻል። 100 ስፖኪዮ ተሰርቆ 100 ስፖኪዮ መልሶ ቢሸጥ በከተማው ውስጥ ያለው የስፖኪዮ ብዛት አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የተለወጠው ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ወደ ማን ኪስ እንደገባ ብቻ ነው።

4. መፍትሔው እንደ መንገዱ ይለያያል

ከላይ ካየናቸው ሁለት ምሳሌዎች የተሰረቀ ዕቃ ሁለት መንገድ እንዳለው እንረዳለን። አንዱ ወደ ማቅለጫ፣ ሌላው ወደ መሰሉ መኪና ይሄዳል። መፍትሔውም እንደ መንገዱ መለየት አለበት።

ወደ ማቅለጫ በሚሄደው ዕቃ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ እሳት ምልክቱን ያጠፋዋልና። ቁጥጥሩ መዋል ያለበት ከማቅለጫው በፊት ባለው ገዢ ላይ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2012 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር ጀምሮ ለቁራጭ ብረት በጥሬ ገንዘብ መክፈል ተከለከለ፤ በ2013ቱ ሕግም ነጋዴዎቹ ፈቃድ እንዲያወጡና የሻጩን ማንነት እንዲመዘግቡ ተደረገ። በቀጣዮቹ ዓመታት የብረት ስርቆት ቀነሰ። በዚያው ጊዜ የብረት ዋጋም ወርዶ ስለነበር ውጤቱን ሁሉ ለሕጉ መስጠት አይቻልም፤ ነገር ግን የዋጋው መውረድ ብቻውን የማያብራራው ቅናሽ ታይቷል። ካሊፎርኒያም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው ሕጎች ኮንቨርተር መግዛት የሚቻለው ሕጋዊ ምንጭነታቸውን ማስረዳት ከሚችሉ ሻጮች ብቻ እንዲሆን ወሰነች።

ወደ መሰሉ መኪና በሚመለሰው ዕቃ ላይ ግን ምልክት ዋና መሣሪያ ነው። አሜሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በብዛት በሚሰረቁ ሞዴሎች ሞተር፣ በር፣ ኮፈንና መሰል ዋና ዋና ክፍሎች ላይ የመኪናው መለያ ቁጥር እንዲታተም አድርጋለች። የአዲስ አበባ ባለመኪኖችም ማንም ሳያስገድዳቸው በስፖኪዮው መስታወት ላይ የሰሌዳ ቁጥራቸውን ያስቀርጻሉ። የእኔም ተቀርጿል። ይህ ሕዝቡ በራሱ ያገኘው ብልሃት ከክላርክ ስድስተኛ ጠባይ ጋር ይገጥማል፤ ዕቃውን ከመነቀል ባያድነውም ለመሸጥ አስቸጋሪ ያደርገዋልና።

ሆኖም ብልሃቱ በግለሰብ ደረጃ እስከቀረ ድረስ ሌባውን ወደ ጎረቤት መኪና ይመራዋል። የእኔ ቢቀረጽና የጎረቤቴ ባይቀረጽ የከተማው ስርቆት አልቀነሰም፤ ተረኛው ተለወጠ እንጂ። ቀረጻው ሁሉንም ሲያዳርስ ግን ያልተቀረጸው ዕቃ ራሱ አጠራጣሪ ይሆናል። ለዚህ የሚሆን አጋጣሚ ደግሞ አለን፤ ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ይቀርባል። በዚያው ጊዜ ስፖኪዮውና መብራቱ በሰሌዳ ቁጥሩ ቢቀረጽ ወጪው ከአንድ ስፖኪዮ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ያገለገለ ዕቃ ሻጮችም የአቅራቢውን ማንነትና ዕቃው የወጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር በመዝገብ ቢይዙ፣ ሐቀኛው ነጋዴ ከሐሰተኛው የሚለይበት ማስረጃ ያገኛል። ፖሊስም የተሰረቀውን ዕቃ በዓይነት፣ በሞዴልና በስፍራ ቢመዘግብ ለምርምራችን የሚሆን መረጃ ይገኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ይህ ሰፊ ማሳ ነው።

5. ገዢው ማን ነው?

የወንጀል ሕጋችን የተሰረቀን ንብረት መግዛትንና መሸሸግን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ይደነግጋል። ሕጉ ገዢውን ከሰንሰለቱ ውጪ አላስቀረውም። በዕለት ተዕለት ኑሯችን ግን ገዢውን ከጥፋት ነጻ እናደርገዋለን። ተበዳይ ነው፤ ተሰርቆበታል፤ ነገ መሥራት አለበት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ያ በብድር መኪና የሚሠራ ሹፌር አዲስ ስፖኪዮ የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለው «ርካሹን አትግዛ» ብሎ ከመድረክ ላይ መናገር ቀላል ነው።

ስለዚህ ሸክሙን በሹፌሩ ትከሻ ላይ ብቻ አልጭንም። አዲሱ ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ እስካልተገኘ ድረስ የተሰረቀው ዕቃ ገዢ አያጣም፤ ሌባውን ማሰር ብቻም በሌላ ሌባ ከመተካት አያልፍም። የመለዋወጫ አቅርቦት ጉዳይ የወንጀል መከላከል ጉዳይ ነው የምለውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ አቅሙ ያለን ሰዎች በዚሁ ምክንያት መደበቅ አንችልም። ደመወዝ ያለው ሰው፣ መሥሪያ ቤት፣ በርካታ መኪኖችን የሚያስተዳድር ድርጅት፣ ለደንበኛው ዕቃ ገዝቶ የሚገጥም ጋራዥ፣ እነዚህ ሁሉ «ከየት የመጣ ነው? ደረሰኝ አለው?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄው ዋጋውን ትንሽ ከፍ ያደርግብን ይሆናል። የማንጠይቅ ከሆነ ግን የዛሬው ቅናሽ በሌላ ሰው ኪሳራ የተገኘ ነው፤ ነገ ደግሞ ተራው የእኛ ሊሆን ይችላል።

ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጥቼ ላብቃ። የኤሌክትሪክ መኪኖች በአገራችን እየበዙ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር የላቸውም፤ ነገር ግን ውስጡ መዳብ የሆነ የኃይል መሙያ ገመድ አላቸው። በአሜሪካ ከተሞች የሕዝብ መሙያ ጣቢያዎች ገመድ ለመዳቡ ሲባል እየተቆረጠ ተወስዷል። ስድስቱን መመዘኛዎች ይዛችሁ ወደ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ቅረቡ፤ ከዚያም በአገራችን ቀድሞ የሚሰረቀው የትኛው ዕቃ እንደሚሆን፣ ወደ ማቅለጫ ይሂድ ወይም ወደ መሰሉ መኪና ይመለስ እንደሆነ፣ ገዢውም ማን እንደሚሆን ጻፉልኝ። መልሱን ስርቆቱ ሳይጀመር ካወቅነው ምልክቱንም ደንቡንም አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።